ያ ደማቅ ነገር ኮከብ ነው ወይስ ፕላኔት? ማታ ሰማይ ላይ ያለውን በባዶ ዓይን መለያ ዘዴ

ማታ ቀና ብላችሁ አንድ በጣም የሚያበራ ነገር አይታችሁ "ይሄ ምንድነው?" ስትሉ አንዱ ሳተላይት ነው ይላል፣ ሌላው የአጥቢያ ኮከብ ናት ይላል፣ ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ አፕ ይከፍትና አፑ ጭራሽ ወደሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዛው ነበርኩ። በኋላ የገባኝ ምን መሰላችሁ፣ አንዱን ኮከብ ብቻውን አፍጥጦ ማየት ብዙም አያሳውቅም፣ የሚያሳውቀው የት እንደቆመ፣ ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ እና ከቀናት በኋላ የት እንደሚገኝ ነው። ሰውን ከሩቅ ፊቱ ሳይታያችሁ በአካሄዱ እንደምትለዩት በሉት። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፣ ክፍት የሆነ ሰማይ እና ትንሽ ትዕግስት ካላችሁ ይበቃል።

1. ሳይጨልም ውጡ

ብዙ ሰው ኮከብ ለማየት ድቅድቅ ጨለማ ይጠብቃል። ፍኖተ ሐሊብን ማየት ከሆነ የፈለጋችሁት ልክ ነው፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስልክ ሳትነኩ መቆየት አለባችሁ። ደማቆቹን ለመለየት ግን ተቃራኒው ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ሲጨልም ሁሉም ግልብጥ ብሎ ይወጣና ጀማሪ ሰው ግራ ይጋባል፣ ልክ ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ በኋላ ብትወጡ ግን ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሆኖ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚታየው፣ እነሱም የዛ ምሽት አለቆች ናቸው። ማን ቀድሞ እንደወጣ ልብ በሉ፣ ቅደም ተከተሉ ራሱ መረጃ ነው።

ፀሐይ የጠለቀችበትን ቦታ በደንብ ያዙት፣ አንድ ዛፍ ወይ የቤት ጣሪያ ምልክት አድርጉ። ወደዛ ዞራችሁ ስትቆሙ ምዕራብ ከፊታችሁ፣ ሰሜን በቀኛችሁ፣ ደቡብ በግራችሁ ነው (በግምት፣ ፀሐይ እንደወቅቱ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ዘንበል ትላለች)።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ባይናኩላር ካላችሁ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እስክትጠልቅ ድረስ ወደ ምዕራብ እንዳታዞሩት። በባይናኩላር አንዴ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል።

2. እጃችሁን መለኪያ አድርጉ

ሰማይ ላይ "ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን" ማለት ለማንም አይገባም። እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ስትጨብጡ የጭብጣችሁ ስፋት 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስንዝር ደሞ ወደ 20፣ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ። ሕፃን ልጅ እጁ አጭር ስለሆነ አይዛባም ወይ ካላችሁ፣ ጭብጡም ትንሽ ስለሆነ እሱም ለራሱ ይሠራለታል። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ናት፣ ካላመናችሁ በትንሿ ጣታችሁ ሸፍኗት፣ ትሸፈናለች።

3. ፕላኔቶች የሚሄዱበትን መንገድ ያዙ

ይሄ ዋናው ነው፣ ይሄን ከያዛችሁ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ። ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩት አንድ ሰፊ ትሪ ላይ እንዳሉ ሆነው ነው፣ እኛም እዛው ትሪ ላይ ነን፣ ስለዚ ከዚህ ሆነን ስናያቸው ሰማይ ላይ የትም አይበተኑም፣ አንድ መስመር ይዘው ነው የሚሄዱት። ጨረቃም ከዛ መስመር ብዙ አትርቅም፣ ልዩነቷ 5 ዲግሪ ገደማ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ፀሐይ ከጠለቀችበት ነጥብ ተነሱና በጨረቃ በኩል አሳልፋችሁ እስከ ምሥራቅ አድማስ ድረስ በጣታችሁ ቅስት ሳሉ፣ አለቀ። ጨረቃ ከሌለችስ? አዲስ ጨረቃ ምዕራብ ላይ ስትታይ ጠብቃችሁ ጀምሩ፣ በየቀኑ 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትገፋ በ2 ሳምንት ውስጥ መንገዱን ራሷ እየሄደች ታሳያችኋለች። ወደ ምድር ወገብ ለሚቀርብ ሰው ይሄ መንገድ ከአናት በላይ ነው የሚያልፈው፣ ወደ ሰሜን በራቃችሁ ቁጥር ወደ ደቡብ ሰማይ ያጋድላል፣ ወደ ደቡብ ለራቀ ደሞ በተቃራኒው።

ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እየተባሉ የሚቆጠሩት 12ቱ እዚሁ መንገድ ላይ ነው የተደረደሩት። የሰው ዕድል ላይ ስላላቸው ሥልጣን አልከራከርም፣ ሰማይ ላይ ግን በጣት የሚጠቆሙ እውነተኛ የኮከብ ስብስቦች ናቸው፣ ለሥራችንም ይጠቅሙናል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። ደማቁ ነገር ከመንገዱ ከአንድ ጭብጥ በላይ ከራቀ ፕላኔት አይደለም። መንገዱ ላይ ካለ ግን ፕላኔት ሊሆን ይችላል፣ ገና አልተረጋገጠም።

4. ይንቀሳቀሳል ወይ?

አንድ ቦታ ቁሙና ኮከቡን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ወይ ከግድግዳ ጠርዝ ጋር አስተካክላችሁ 1 ደቂቃ ጠብቁ። በዓይን ሲንቀሳቀስ የሚታይ ከሆነ ኮከብም ፕላኔትም አይደለም። ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም የሚል አውሮፕላን ነው፣ ሳይርገበገብ ጸጥ ብሎ የሚሄድ ሳተላይት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አንዳንዴ ከጁፒተር በላይ አብርቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰማዩን ያቋርጥና መሀል ላይ ድንገት ጠፍቶ ሰው ያስደነግጣል፣ የት ሄደ ብላችሁ አትጨነቁ፣ የምድር ጥላ ውስጥ ገብቶ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደሞ እንደ ባቡር ተቀጣጥለው የሚሄዱ መብራቶች ካያችሁ አዲስ የተወነጨፉ ስታርሊንክ የሚባሉ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው።

ወደናንተ ቀጥታ የሚመጣ አውሮፕላን ግን አስቸጋሪ ነው፣ ፊት ለፊት መብራቱ በርቶ ለደቂቃዎች የቆመ ይመስላል። እኔ አንዴ "ቬነስ ናት" ብዬ በሙሉ ልብ ስናገር ቬነስ ክንፍ አውጥታ በላያችን አልፋለች። ስለዚ ከመናገራችሁ በፊት 5 ደቂቃ ስጡት።

ኮከቦችና ፕላኔቶችም በእርግጥ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፣ ግን እኛ ስለምንዞር ነው፣ በሰዓት 15 ዲግሪ፣ ጭብጥ ተኩል ማለት ነው።

5. ይርገበገባል ወይ?

ኮከብ ይርገበገባል፣ ፕላኔት ረግቶ ያበራል። ይሄን ሁሉም ሰው ሰምቶታል፣ ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ኮከቦች በጣም ሩቅ ስለሆኑ ብርሃናቸው ከአንዲት ነጥብ ነው የሚመጣው፣ የምድር አየር ትንሽ ሲናወጥ ያችን ነጥብ ወዲህ ወዲያ ያደርጋታል። ፕላኔት ግን ለዓይናችን ነጥብ ቢመስልም በእውነት ትንሽ ክብ ነው፣ ለምሳሌ ጁፒተር የጨረቃን ስፋት 1/40 ያህላል፣ የአንዱ ጠርዝ መናወጥ በሌላው ይካካስና ብርሃኑ ይረጋል።

ታዲያ አድማስ አጠገብ ያለውን በዚህ አትፍረዱ። እዛ ጋ ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር በጣም ወፍራም ስለሆነ ፕላኔትም ይርገበገባል፣ ኮከብማ ጭራሽ ያብዳል። ሲሪየስ የሚባለው ደማቅ ኮከብ ዝቅ ብሎ ሲታይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየቀያየረ እንደ ዲስኮ መብራት ነው የሚሆነው፣ ብዙ ሰው ድሮን ነው ብሎ የሚምለው እሱን አይቶ ነው። መፍትሔው ቢያንስ ሁለት ጭብጥ ከፍ እስኪል መጠበቅ፣ ካልሆነ ደሞ በተመሳሳይ ከፍታ ካለ ሌላ ብርሃን ጋር ማነጻጸር ነው።

6. ፕላኔት ከሆነ የትኛው?

ቬነስ። ከጨረቃ ቀጥሎ የሌሊቱ ሰማይ ንግሥት፣ ነጭ፣ አይታችሁ "ይሄ ነገር ጤነኛ ነው?" የምትሉት ብርሃን ከሆነ እሷ ናት። ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ በላይ መራቅ አትችልም፣ አምስት ጭብጥ የማይሞላ ነው፣ ስለዚ ማታ ሁልጊዜ ምዕራብ በኩል ነው የምትገኘው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምሥራቅ ላይ የሚያበራ ነገር አይታችሁ ቬነስ ናት የሚላችሁ ሰው ካለ ተሳስቷል፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። የአጥቢያ ኮከብ የምንላትም ይህችው ቬነስ ናት፣ ወራት ማታ ትታይና በፀሐይ ፊት አልፋ ንጋት ላይ ብቅ ትላለች፣ ዙሩ 19 ወር ገደማ ይወስዳል። የምሽት ጊዜዋ ሊያልቅ ሲል ባይናኩላራችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ብታዩዋት እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጭን ማጭድ ሆና ታገኟታላችሁ።

ጁፒተር። ቬነስ ከሌለች ብዙ ጊዜ ደማቁ እሱ ነው፣ ክሬም መሰል ነጭ፣ የረጋ። ልዩነቱ እሱ የትም ይታያል፣ ምሥራቅም፣ አናት ላይም፣ እኩለ ሌሊትም። ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ስለሚፈጅበት ከ12ቱ በእያንዳንዱ 1 ዓመት ያህል ይቀመጣል፣ ስለዚ ዘንድሮ አንዴ ካወቃችሁት ከርሞ በዚሁ ወቅት የት እንደምትፈልጉት ታውቃላችሁ፣ አንድ ቤት ወደ ምሥራቅ ገፍቶ።

ማርስ። ቀለሟ የከሰል ፍም ነው፣ ብርቱካናማ። ተንኮሏ ብርሃኗ መለዋወጡ ላይ ነው፣ በየ26 ወሩ ወደኛ ስትቀርብ ለጥቂት ሳምንታት በጣም ጎልታ ትታያለች፣ ስትርቅ ደሞ ተራ ኮከብ ትመስላለች። ባለፈው ዓመት ቦግ ብላ ያያችኋትን ዘንድሮ በዛው ብርሃን ብትፈልጓት አታገኟትም።

ሳተርን ገለባ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ከደማቅ ኮከቦች ጋር እኩል ነው እንጂ አይበልጥም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ይቀመጣል። ቀለበቱ በባዶ ዓይን አይታይም፣ በተለመደው ባይናኩላርም እንደዛው፣ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል።

ሜርኩሪ ከፀሐይ ከ28 ዲግሪ በላይ አትርቅም፣ ምዕራብ አድማስ ላይ ለጥቂት ቀን ብቅ ብላ ትጠፋለች። መጀመሪያ ላይ ተዉአት።

7. መንገዱ ላይ ያሉ አራት አስመሳዮች

ፕላኔት የሚሄድበት መንገድ ላይ ራሳቸው የተቀመጡ ደማቅ ኮከቦች አሉ። ሠውር ውስጥ አልዴባራን (ብርቱካናማ)፣ አሰድ ውስጥ ሬጉለስ (ነጭ ሰማያዊ)፣ ሰንቡላ ውስጥ ስፓይካ (ነጭ ሰማያዊ)፣ አቅራብ (ጊንጥ) ውስጥ አንታሬስ (ቀይ)። እነዚን አራቱን ከያዛችሁ መንገዱ ላይ የምታዩት ሌላ ደማቅ ነገር ፕላኔት የመሆን ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው። ገውዝ ውስጥ ፖሉክስና ካስተር የሚባሉ መንታዎችም አሉ፣ ጎን ለጎን ስለሆኑ ግን ብዙም አያሳስቱም።

እኔን ያዋረደኝ አንታሬስ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ሳምንት ሰው እየሰበሰብኩ "ያቻትላችሁ ማርስ፣ ቀይዋ ፕላኔት" ስል ከርሜ አንድ ልጅ "ታዲያ ለምን ትርገበገባለች?" አለኝ። ዝም አልኩ፣ ምን ልበል። ቤት ገብቼ ሳጣራ ስሙ ራሱ በግሪክኛ የማርስ ተቀናቃኝ ማለት ነው፣ የጥንቶቹም ከማርስ ጋር ስለሚመሳሰል ነው እንደዛ ያሉት። ብቻ እኔ ጎረቤቶቹን ባይ ኖሮ አልሳሳትም ነበር፣ ግራና ቀኙ ሁለት ትንንሽ ኮከቦች አጅበውታል፣ ከነሱ በታች ደሞ የጊንጡ ጭራ እንደ መንጠቆ ተቆልምሞ ይታያል። ፕላኔት እንዲህ ያለ ቋሚ ቤተሰብ የለውም። ማታ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ፈልጉት።

8. ከመንገዱ የወጡት ኮከቦች፣ በኦሪዮን ጀምሩ

ሌላ ምንም ባታውቁ ኦሪዮን የሚባለውን የኮከብ ስብስብ እወቁ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ማታ ወጥታችሁ ሦስት እኩል የሚያበሩ ኮከቦች በአጭር ቀጥታ መስመር ተደርድረው ታያላችሁ፣ ርዝመታቸው ሦስት ትንሽ ጣት አይሞላም። ይሄ የኦሪዮን መቀነት ነው፣ ሰማይ ላይ እንደዚህ ዓይነት ሌላ የለም፣ በሰሜንም በደቡብም ንፍቀ ክበብ ያለ ሰው ያየዋል። ከመቀነቱ በአንዱ ወገን አንድ ጭብጥ ያህል ርቆ ቀይ ብርቱካናማው ቤተልጉዝ፣ በተቃራኒው ወገን ሰማያዊ ነጩ ራይጀል አለ። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ እዩ፣ ኮከብ ቀለም የለውም የሚለውን ያኔ ትተዉታላችሁ። ቀዩ ከሰማያዊው የቀዘቀዘ ነው፣ እንደ ብረት ነው፣ ሲግል መጀመሪያ ይቀላል ከዛ ይነጣል። ቤተልጉዝ ብርሃኑም ይዋዥቃል፣ በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በባዶ ዓይን እስኪታወቅ ድረስ ፈዝዞ ሊፈነዳ ነው ተብሎ ነበር፣ በኋላ ተመለሰ።

አሁን መቀነቱን እንደ ቀስት ተጠቀሙበት። መስመሩን በአንድ በኩል ሁለት ጭብጥ ብትቀጥሉት ሲሪየስ ላይ ያደርሳችኋል፣ ከኮከቦች ሁሉ ደማቁ፣ 8.6 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ8.6 ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ብቻ ነው የሚርቀው። በሌላ በኩል ብትቀጥሉት አልዴባራንን ታገኛላችሁ፣ አለፍ ስትሉ ደሞ ችምችም ያሉ ትንንሽ ኮከቦች፣ ፕሌያዲስ። የትኛው ጎን የቱ ነው ብላችሁ አትጨነቁ፣ ነጭና የሚንቦገቦገው ሲሪየስ ነው፣ ብርቱካናማው አልዴባራን ነው፣ አይምታታም።

ከሲሪየስ አራት ጭብጥ ያህል ወደ ደቡብ ብትወርዱ ካኖፐስ አለ፣ በብርሃን ሁለተኛው። በጣም ሰሜን ላላችሁ አይወጣላችሁም።

በሌላ ወቅት ደሞ ሌላ መነሻ አለ። ከሚያዝያ ጀምሮ ሰሜን ላይ እንደ ጭልፋ የተቀመጡትን ሰባት ኮከቦች ፈልጉና የእጀታውን ጎባጣ ተከትላችሁ ሦስት ጭብጥ ሂዱ፣ ብርቱካናማው አርክቱረስ እዛ ነው፣ በዛው ጎባጣ ሦስት ጭብጥ ብትጨምሩ ስፓይካ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ቪጋ፣ አልታየርና ዴነብ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፣ ደማቁ ቪጋ ነው። ደቡብ ሰማይ ለሚታያችሁ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደቡባዊው መስቀል የሚባለው የኮከብ ስብስብ አጠገብ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን አሉ፣ ከመስቀሉ የሚርቀው አልፋ ሴንታውሪ ነው፣ ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን የሆነው የኮከብ ቤተሰብ።

የሰሜን ኮከብስ? ብዙ ሰው በጣም ደማቅ ይመስለዋል፣ በብርሃን ወደ 50ኛ ነው። ዝነኛ የሆነው ስለማይንቀሳቀስ እንጂ ስለሚያበራ አይደለም።

9. አፕ መጨረሻ ላይ

ስቴላሪየምን የመሰሉ አፖች ጥሩ ናቸው፣ ግን ራሳችሁ ገምታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መልስ ማረሚያ አድርጓቸው። ስልኩን መጀመሪያ በአየር ላይ 8 ቁጥር እየሠራችሁ አወዛውዙት፣ ኮምፓሱ እንዲስተካከል። ከመኪና፣ ከብረት በርና ከቆርቆሮ ራቁ፣ እኔ የብረት አጥር ተደግፌ ስፈልግ ጨረቃን ራሷን ከመሬት በታች አድርጎ አሳይቶኛል። ጨረቃን መፈተኛ አድርጉ፣ አፑ ላይ ያለችውና ሰማይ ላይ ያለችው ካልገጠሙ ሌላውንም አትመኑት። ቀይ የሌሊት ሞድ ካለው አብሩት። አፑ የብርሃን መጠን ብሎ የሚያሳየው ቁጥር ሲያንስ ነው ደማቅ የሚሆነው፣ ቬነስ −4 አካባቢ፣ ጁፒተር −2፣ ሲሪየስ −1.46፣ ቪጋ 0።

10. ማረጋገጫው፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ድገሙት

ወረቀት ላይ የጠረጠራችሁትን ነገር አንድ ትልቅ ነጥብ፣ በዙሪያው ያሉትን ሦስት አራት ኮከቦች ትንንሽ ነጥብ አድርጋችሁ ሳሉ፣ ቀንና ሰዓት ጻፉበት። ሥዕል አልችልም አትበሉ፣ ነጥብ ነው። ከ2 ሳምንት በኋላ ስትወጡ ሁሉም ኮከብ ወደ ምዕራብ ገፋ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ በየቀኑ 4 ደቂቃ ስለሚቀድሙ በ2 ሳምንት 1 ሰዓት ያህል ይሆናል፣ ያ አያሳስባችሁ። የምታዩት ትልቁ ነጥብ ከትንንሾቹ አንጻር ቦታውን ለቋል ወይ የሚለውን ነው። ከለቀቀ ፕላኔት ነው። ማርስና ቬነስ በጥቂት ቀን ያስታውቃሉ፣ ጁፒተርና ሳተርን ዘገምተኛ ስለሆኑ ወር ሊወስድባችሁ ይችላል።

ጁፒተር ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን ወር መጠበቅ አያስፈልግም። ማንኛውንም ባይናኩላር ውሰዱ፣ ክርናችሁን አጥር ወይ መስኮት ላይ አስደግፉ፣ እጃችሁ እስኪረጋ ትንፋሻችሁን ያዝ አድርጉ። ከጎኑ በአንድ መስመር የተሰለፉ እስከ አራት የሚደርሱ ትንንሽ ነጥቦች ካያችሁ ጋሊሊዮ በጥር 1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው ጨረቃዎች ናቸው። አንዳንዴ ሁለት ወይ ሦስት ብቻ ይታያሉ፣ የቀሩት ከፊቱ ወይ ከኋላው ሆነው ነው። በግራና በቀኝ ስንት ስንት እንደሆኑ ጻፉና በማግስቱ በዛው ሰዓት ድገሙት፣ ለእሱ ቅርብ የሆነችው አዮ ሙሉ ዙሯን ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ስለምትጨርስ አሰላለፋቸው ተቀይሮ ካገኛችሁት ሌላ ማረጋገጫ አትፈልጉ።